ሃያ ሁለተኛዋ ፎቶ

ሳቩሳቩ፣ ማርች 9 ቀን 1991

ይድረስ ጭንቅላቱ ከትከሻው ለሚሰፋው ታቫሌዬ ለኤሞሲ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የኦክላንድ ብርድ አጥንትህ ድረስ እንዳልዘለቀ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሥጋ ስለሌለህ መንገዱ አጭር ነው። እኛ በጌታ ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ኬሌራ በጣም ሰላም ብላሃለች። ልጅህ ኡናይሲም ደህና ናት፤ ሰላም ብላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ፊልም ልኬልሃለሁ። ድሮ ፊልም ለማሳጠብ ሱቫ ድረስ በመርከብ እንልክ ነበር፤ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ የሌላ ሰው ሠርግ ሆኖ ይመለሳል። አሁን አንተ ፎቶ ቤት ከተቀጠርክ ወዲህ እግዜር ይስጥህና ከዚህ ጣጣ ወጥተናል። የመጀመሪያው ፊልም የራግቢ ልምምድ ነው። ሁለተኛው ልጆቹ በምሳ ሰዓት፣ በጽዳት ሰዓት፣ በመዝሙር ሰዓት ያሉት ነው። ሦስተኛው የዱላ ቅብብል ሯጮቻችን ናቸው። ኡናይሲን አሠልጣኙ ለመጨረሻው ዙር መርጧታል። አራተኛ ሆና ዱላውን ይዛ ትሩጥ ብሏል፤ እንደ አጋዘን ነው የምትሄደው፣ በእናቷ ወጥታለች። ነፍሷን ይማር፣ አንተንማ በሩጫ ኤሊም ያስከነዳሃል።

አዲሲቷ ርዕሰ መምህርት ጠርታኝ ነበር። የዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ሽፋን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፣ ጥሩ ፎቶ አምጣ አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሽፋኑን ያነሳኸው አንተ መሆንህን ነገርኳት። እሷም፣ «እሱ የት አለ?» አለች። «ኦክላንድ» አልኳት። «ታዲያ አንተ እዚህ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ። እንደ እኔ ያለ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ወንበር ሲሠራ እንጂ ሽፋን ሲሠራ አይታ አታውቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ልሞክር ነው።

የአጎቴ ልጅ፣ ታቫሌዬ፣ ባትሆን ኖሮ እንዲህ ስለተናገርኩህ ዳኛ ፊት ያቆሙኝ ነበር። ታቫሌ መሆን ደጉ! ታቫሌ ይሰደባል እንጂ አይቀየምም፤ የተቀየመ ደግሞ የያንጎና ሥር ገዝቶ፣ በጥብጦ ለሁሉም ያጠጣል። አንተም አፍህን አትሰስት።

ሁለት ፊልምና አንድ የካሜራ ማንገቻ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። የአንተ ማንገቻ በላብህ በስብሶ ነው የወረስኩት።

ታቫሌህ ኪቲዮኔ


ኦክላንድ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1991

ይድረስ መጋዝ ለለመደ እጁ ካሜራ ለተሰጠው ለኪቲዮኔ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ለኬሌራ አክብሮቴን ንገርልኝ፤ ልጄን እንደ ራሷ ልጅ ስለያዘችልኝ ጌታ ዋጋዋን ይክፈላት።

ፊልሞቹ ደርሰዋል፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ በእጄ አጥቤ አትሜያቸዋለሁ። እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ ካልክ እነግርሃለሁ። በራግቢው ፊልም አሥራ አምስት ተጫዋች አንስተህ ሠላሳ እግር ቆርጠሃል። ኳሷ የት እንዳለች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስፖርት የሚያነሳ ሰው ኳሷ ከመድረሷ በፊት ነው ቁልፉን የሚጫነው፤ ስትደርስማ ዓይነ ስውርም ያያታል። በሁለተኛው ፊልም ማንጎው ሥር ካሳቫ የሚልጡትን ልጆች ፀሐይ ከጀርባቸው አድርገህ ፊታቸውን ከሰል አስመስለሃል። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ግቢ ስዞር አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር አላደረግኩም። የእናንተ ሰፈር ሰዎች ዓሣ ለማጥመድ ወጥተው መረቡን ቤት እንደሚረሱ አውቃለሁ፤ ብርሃኑንም ቤት እንደምትረሱት አላወቅኩም ነበር።

ሦስተኛውን ፊልም በሚመለከት፣ ዘጠነኛዋ ፎቶ አለች። ኡናይሲ አዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ይህችን አንተ ነህ ያነሳሃት? ብርሃኑ ትክክል ነው። መካድ አልችልም።

በአንድ ፊልም ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ኡናይሲን አንስተሃል። ትምህርት ቤቱ አራት መቶ ተማሪ አለው። የሌላውም ሰው ልጅ የመጽሔት ዕጣው ይድረሰው እንጂ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ሳነሳት አፏን ገጥማ፣ እጇን አጣምራ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ነበር የምትቆመው። አሁን ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ስታነሳት ምን ብለሃት ነው የምትስቀው? ጻፍልኝ።

ሁለቱን ፊልም ልኬያለሁ። ማንገቻውን በሚቀጥለው ወር እልካለሁ። ምን እንደምትበላ፣ ትከሻዋ እንደድሮው ያማት እንደሆነ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደምትተኛም ጻፍልኝ። ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ፤ ወይስ ካሜራውን ከታች ይዘህ ነው?

ታቫሌህ ኤሞሲ


ሳቩሳቩ፣ ሜይ 14 ቀን 1991

ይድረስ ከባሕር ማዶ ሆኖ ለሚያዝዘኝ ለጌታዬ ለኤሞሲ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ጌታ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅህ፤ ምላስህንም ከንብ ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ተጋብተው ይወልዳሉ።

ደብዳቤህን ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ ያንጎናው ገበታ ዙሪያ በተሰበሰቡበት አነበብኩላቸው። «ሠላሳ እግር ቆርጠሃል» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሽማግሌው ናኡሉ ትን ብሎት ሊሞትብን ነበር። ስለ ሰፈራችን መረብ ያልከውን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ይሄ ሰው ሩቅ ሄዶም ታቫሌነቱን አልረሳም» ብለው መርቀውሃል። እባክህ እንዲህ ያለውን ጨምርበት። እንዲህ ያለ ስድብ ከሰማን ቆየን።

ምን ብለሃት ነው የምትስቀው ላልከው፣ እሱ የሙያ ምስጢር ነው። አናጢ ልኩን ለጎረቤት አይነግርም። ትከሻዋ ደህና ነው። ጎደሬ በዓሣ ስትበላ ኬሌራ ሁለቴ ነው የምትጨምርላት። ቁመቷ ጨምሯል፤ በሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግኩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሱቫ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ከልጆቹ ጋር በመርከብ ሄድኩ፤ ግማሹ ቡድን ሲያስመልስ እኔ ካሜራውን በሸሚዜ ሸፍኜ ቁጭ ብዬ አደርኩ። የዱላ ቅብብሉ ቀን ዘነበ። ሦስተኛዋ ልጅ ዱላውን ስታቀብል አዳለጣት፣ በጉልበቷም ሄደች። ኡናይሲ ዱላውን ስትቀበል አምስተኛ ነበርን። እኔ ከመጨረሻው መስመር ማዶ ሣሩ ላይ ተንበርክኬያለሁ። አንደኛዋን አለፈች፣ ሁለተኛዋን አለፈች፣ መስመሩ ጋ ስትደርስ ሦስተኛዋንም አለፈች። ሁለተኛ ወጣን። የኛ ትምህርት ቤት ከተመሠረተ እንዲህ ያለ ቦታ ደርሶ አያውቅም፤ አሠልጣኙ ባርኔጣውን አውልቆ አለቀሰ።

እሷ ግን መስመሩ ላይ አልቆመችም፤ ጓደኞቿም ጋ አልሄደችም። ዱላውን እንደያዘች ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው ሮጠች። እየሳቀች ነበር። አንተ እንዳልከው ሳትደርስ ተጫንኩ። ያነሳሁትን ሁሉ እንደ እንጨት ልክ በደብተሬ እጽፋለሁና ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው ፊልም፣ ሃያ ሁለተኛዋ ፎቶ። ዕድሜዬን ሙሉ በሠራሁት ነገር እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ገና ሳላያት ሽፋኑ ላይ እንደምትወጣ ለርዕሰ መምህርቷ ነግሬያታለሁ።

የሌላ ትምህርት ቤት አስተማሪ አጠገቤ ነበረና፣ «ልጅህ ናት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ማስረዳቱ ረጅም ነበር።

አራት ፊልም ልኬልሃለሁ። ሌላው ይቆይ፣ ሃያ ሁለተኛዋን ግን ቶሎ አትመህ ላክልኝ። በትልቁ ይሁን።

ከሁሉም በፊት የምታያት አንተ ስለሆንክ የቀናሁብህ ታቫሌህ፣

ኪቲዮኔ


ኦክላንድ፣ ጁን 22 ቀን 1991

ይድረስ ለኪቲዮኔ፣

ሰላም ነህ? የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ ክረምቱ ገብቷል።

አራቱም ፊልም ታጥቧል። ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች አሉ፤ መርከቡ ላይ የተኙት ልጆች በተለይ። ሃያ ሁለተኛዋ ግን ብርሃን ገብቶባት ተበላሽታለች። የካሜራውን ጀርባ ቸኩለህ ከፍተህ መሆን አለበት። ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል፤ ለጀማሪማ የታወቀ ነው። እኔም አዝኛለሁ።

ሽፋኑ እንዳይታጎል አንድ የቆየ ኔጌቲቭ ከሣጥኔ አውጥቼ ልኬያለሁ። በ1986 ያነሳሁት ነው፤ ወንዶቹ ገመድ ሲጎትቱ። ለርዕሰ መምህርቷ ስጣት። እዚያ ግቢ ምን ዓይነት ፎቶ ይነሳ እንደነበር ትይ።

ሌላው ጉዳይ ደግሞ ስለ ኡናይሲ ነው። ዓመቱን ስትጨርስ በታኅሣሥ ትመጣለች ብለን ነበር። አሁን ሳስበው ነሐሴ ይሻላል። እዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት አግኝቼላታለሁ። ልብሷን ኬሌራ ታዘጋጅላት። በሩ መቃን ላይ ያደረግከውን ምልክት ለክተህ ላክልኝ፤ የደንብ ልብስ ልገዛላት ነው። ልጅ አባቷ ዘንድ ነው የምታድገው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። ይህችንም ለወንዶቹ አንብብላቸውና ይሳቁባት።

ኤሞሲ


ሳቩሳቩ፣ ጁላይ 6 ቀን 1991

ለተከበርከው ወንድሜ ለኤሞሲ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን። እኔና ባለቤቴ በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን። አንተም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኝ ተስፋ እናደርጋለን። ኡናይሲ ደህና ናት።

የላክሃቸው ፎቶዎችና ኔጌቲቮች በትክክል ደርሰዋል። የ1986ቱን ለርዕሰ መምህርቷ አስረክቤያለሁ። የበሩ መቃን ላይ ያለው ልክ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ ነው።

እኔ ሞኝ ልሆን እችላለሁ፤ መቁጠር ግን እችላለሁ። ኔጌቲቮቹ ሁልጊዜ ስድስት ስድስት ሆነው ተቆርጠው ነው የሚመጡት። የሦስተኛው ፊልም አራተኛው ቁራጭ ግን ለሁለት ተከፍሎ መጣ፤ አንዱ ላይ ሦስት፣ ሌላው ላይ ሁለት። ሃያ አንደኛዋ ላይ አሠልጣኙ ቆሟል፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ልጆቹ ተቃቅፈዋል፣ እሱም ጥርት ብሎ ይታያል። ባለፈው ዓመት እውነትም የካሜራውን ጀርባ ሳላውቅ ከፍቼ ነበር፤ ያኔ ብርሃኑ ስምንት ፎቶ በልቶብኝ አንተው ራስህ አሳይተኸኛል። ብርሃን አንዷን መርጦ ሁለት ጎረቤቶቿን አይምርም። መቀስ ግን መርጦ መቁረጥ ይችላል። ጫፉን በጣቴ ዳበስኩት፤ በችኮላ የተቆረጠ ነው።

ይህን ደብዳቤህን ለወንዶቹ አላነበብኩላቸውም። የቀደመውንም ባላነበብኩላቸው ይሻል ነበር። ሰው ከልቡ ሲናደድ ታቫሌ ነው ብለን ሳቅንበት ይሆን እያልኩ ብዙ ቀን አሰብኩ። በኛ ዘንድ ታቫሌ ተቀየምኩ ማለት ነውር ነውና አንተም አላልክም። እኔ አሁን እልሃለሁ፤ ተቀይሜያለሁ። ያንጎናውን እገዛለሁ፣ ሽማግሌዎቹም የሚሉትን ይበሉ።

ለኡናይሲ ነሐሴ ላይ እንደምትሄድ ነግሬያታለሁ። አልሄድም አላለችም፤ በአባቷ ቃል ላይ ቃል አትናገርም። ካሳቫ ለመንቀል ወደ እርሻው ወጣችና እስኪመሽ አልተመለሰችም። ስለ ሃያ ሁለተኛዋ ስትጠይቀኝ ብርሃን ገባባት አልኳት። «የሷ ብቻ?» አለች።

ምን በደልኩህ? ይህንኑ ብቻ ንገረኝ።

አክባሪህ ኪቲዮኔ


ኦክላንድ፣ ጁላይ 15 ቀን 1991

ኪቲዮኔ፣

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። «ለተከበርከው ወንድሜ» የሚለውን ሳነብ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። እባክህ እንዲህ አትጻፍልኝ፤ ከስድብህ ሁሉ ይህ ባሰብኝ።

አልበደልከኝም። ቀናሁብህ። ይኸው ነው።

መጀመሪያ በካሜራው ነበር። እዚህ ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች የልደት ኬክ፣ ውሻና መኪና አትማለሁ። የኔን ግቢ፣ የኔን ማንጎ፣ የኔን ሜዳ ግን አንተ ታነሳለህ። ዘጠኝ ዓመት በፀሐይ ስንከራተት ማንም ያላመሰገነኝን እኔን፣ አንድ አናጢ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በለጠኝ። ሠላሳ እግር ቆርጠሃል ያልኩህ ከአንጀቴ ነበር። እናንተ ሳቃችሁ። ሲያስቁ መዋል ታቫሌ ለሆነ ሰው ክብር ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ደብዳቤህን አንብቤ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ቢሆንም እሱን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ነው። ፊልሙን አውጥቼ ብርሃኑ ላይ ስይዘው ኡናይሲ በየቦታው አለች፤ ደረጃው ላይ፣ ማንጎው ሥር፣ ቧንቧው ጋ ሳህን ስታጥብ፤ ሁልጊዜ ቀና ብላ ትስቃለች። የምትስቀው ላንተ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት አባቷ ነኝ። በፊቴ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ነው፤ ስጠራት ዓይኗን ወለሉ ላይ አድርጋ ነው የምትመልስልኝ። አባቴ ፊት እኔም እንዲያው ነበርኩ፤ ክብር ነው ብዬ ነበር የማስበው። እናቷ ከሞተች በኋላ በቤቱ ውስጥ ሁለታችን ቀርተን ለአንድ ዓመት ያህል ጨው አቀብዪኝ ከማለት በላይ አልተነጋገርንም። ከዚያ ሥራ አገኘሁና መጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያመጣኝ።

ሃያ ሁለተኛዋን ሳይ እጇን ዘርግታ እየሮጠች ነው። ወደ አንተ ነው የምትሮጠው። አጠገቤ የምትሠራው ሴት በትከሻዬ በኩል አይታ፣ «እንዴት ያለች ፎቶ ናት! አባቷ ነው ያነሳት መሰለኝ» አለች። ይህንን ከሰማሁ በኋላ ነው መቀሱን ያነሳሁት። ሰውዬው «ልጅህ ናት?» ሲልህ «አዎ» ማለትህን ጽፈህልኝ ስለነበር፣ እሱም እዚያው ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

አልጣልኳትም። በኪሴ ይዤያት ነው የከረምኩት። አሁን ኔጌቲቩንና በትልቁ የታተመችውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ካየኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ትበልጣለች፤ እኔ እንዲህ ያለ አንስቼ አላውቅም። ሽፋኑ ላይ አውጣት፤ ስምህንም ጻፍበት። የኔን ገመድ ጎታቾች መልስልኝ።

ነሐሴ ያልኩትን ተወው። ትምህርቷን ትጨርስ። ከዚያም መምጣት ካልፈለገች እናንተ ጋ ትቆይ፤ ኬሌራ እናት ሆናታለች፣ አንተም አባት። ይህንን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ያንጎናውን አንተ አትግዛ። የኔ ዕዳ ነው።

ኤሞሲ


ሳቩሳቩ፣ ኦገስት 8 ቀን 1991

ይድረስ ፎቶ በኪሱ ደብቆ ለሚዞረው ሌባ ለታቫሌዬ ለኤሞሲ፣

ሰላም ነህ ወይ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ጌታ አንተንም ይጠብቅልን። ያንጎናው ተገዝቷል፤ ሽማግሌዎቹ በስምህ ጠጥተዋል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን ብያቸዋለሁ። የናኡሉን ፊት ባየኸው፤ በነጻ የተገኘ ነገር እንዴት ያሳምረዋል!

አሁን የኔን ጥፋት ስማ። አንተ መቀስ አንስተህ ቆርጠሃል፤ እኔ ያለመቀስ ነው የቆረጥኩት።

ምን ብለሃት ነው የምትስቀው ብለህ ጠይቀኸኝ ምስጢር ነው አልኩህ። ይኸው ምስጢሩ። ዓመቱ ሲጀመር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ አገኘኋትና ካሜራውን አነሳሁ። አፏን ገጠመች። እኔም እንዲሁ ለጨዋታ፣ «ይህን ፊልም ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው አባትሽ ነው፤ ከእኔም ከማንም በፊት» አልኳት። ቆም ብላ ሌንሱን አየችው። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራውን ባነሳሁ ቁጥር እንዲያ ናት። አንተ ፊት ቀና ማለት ነውር ነው። ሌንስ ፊት ግን ማንም ነውር አላለም። ካሜራውን ሳወርድ እኮ ፊቷ ይመለሳል፤ እኔንም እንደማንኛውም አጎት «ሞሞ» ብላ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈኝ። ሱቫ ላይ ከመሮጧ በፊት፣ «ሞሞ፣ ፊልሙ አላለቀም አይደል?» ነበር ያለችኝ።

ጥቅልህ በደረሰ ቁጥር ገና ገመዱን ሳልፈታ፣ «አባቴ ምን አለ?» ትለኛለች። እኔ ደብዳቤህን ለመንደሩ ወንድ ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ለእሷ ግን፣ «ደህና ናት ወይ ብሏል» ብቻ ነበር የምላት። ብርሃኑ ትክክል ነው ያልከውን አልነገርኳትም። ቁመቷ ጨመረ ወይ ያልከውንም፣ ትከሻዋን የጠየቅከውንም። ለምን ብትለኝ፣ እኔና ኬሌራ ጌታ ልጅ አልሰጠንም። ታውቃለህ፤ ታቫሌ ስለሆንክ በሁሉ ነገር ስትሰድበኝ በዚህ ግን አንድም ቀን ሰድበኸኝ አታውቅም። ሰው ልጅህ ናት ሲለኝ አዎ ማለት ጣፈጠኝ። አንተ እንደቀናህ ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ገብቶኝ ነበር፤ ለወንዶቹ ሳነብ የሳቅኩት ገብቶኝ ነው። ደስ አለኝ። ይህንንም እወቅልኝ።

የአሁኑን ደብዳቤህን ለወንዶቹ አላነበብኩላቸውም። ለእሷ አነበብኩላት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ጨው አቀብዪኝ የሚለውንም ሳልዘል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ የመቀሱን ቦታ ድገምልኝ አለች። ደገምኩላት።

«ሞሞ፣ እኔ እኮ እሱን ነው የማየው» አለች። «አያውቅም እንዴ?»

ከየት ያውቃል፣ ማን ነገረው? ኬሌራ ናት ተነስታ ወስዳ ያስተኛቻት። በማግስቱ ፎቶዋን ሰጠኋት። ሽፋን እንዳትሆን ለመነችኝ፤ ለመጽሔት አይደለም የሮጥኩት አለች። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያንተ ገመድ ጎታቾች ይወጣሉ። ርዕሰ መምህርቷ ይህማ ከ1986 አይደለም ወይ ስትለኝ ገመድ አያረጅም አልኳት። አየህ፣ ሰርቀኸኝም አሸነፍክ።

ባለፈው ሰኞ ካሜራውን አውሰኝ አለችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም። አዲስ ፊልም አስገባሁላት፤ እንዴት እንደሚያዝ ላሳያት ስል አውቃለሁ አለችኝ፤ አንተ ስታነሳ ስታይ ነው ያደገችው። ሳምንቱን ሙሉ ግቢውን ስትዞር ከረመች። ወደ ሜዳው፣ ወደ ኩሽናው፣ ወደ ማንጎው፣ ወደ አዳራሹ ሄዳለች። ከዚያ ቤታችሁንም ከፍታ ገባች፤ ቁልፉን ከኬሌራ ወስዳ። ምን እንዳነሳች ጠየቅኳት። አልነገረችኝም። እንደ ልማዴ ቁጥሩን በደብተሬ ልጽፍልሽ ብላትም እምቢ አለች። ዛሬ ፊልሙን ራሷ አውጥታ፣ ራሷ ጠቅልላ፣ አድራሻህን በራሷ እጅ ጽፋ ፖስታ ቤት ወሰደችው። ይህን ደብዳቤ አብሬ ልላከው ብላት ለብቻው ላከው አለች።

እንግዲህ ከፍተህ ስታየው ምን እንዳለበት ጻፍልኝ፤ ለእሷም መልሱን ለራሷ ጻፍላት። ፖስታ ቤቱ ድረስ ተከትያት ሄጄ ነበር፤ ጥቅሉን እስክትሰጥ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ቀናሁብህ።

ታቫሌህ ኪቲዮኔ